በሶፍትዌር ሰነዶች ውስጥ የፊደል ግድፈትና አሻሚ አነጋገር፦ የእርማት ወሰንና ሥርዓት

መግቢያ

የሶፍትዌር ሰነድ ሲባል አንድ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጫን፣ ትዕዛዞቹ እንዴት እንደሚሰጡና ችግር ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ጽሑፍ ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ የፊደል ግድፈት ዘወትር እንደ ቀላል ነገር ይታያል። አንባቢው ያስተውለዋል፤ በልቡ አርሞት ያልፋል፤ ለሰነዱ ባለቤት ግን አያሳውቅም። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው አንባቢም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ አንድ ግድፈት ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ሊኖር ይችላል።

ከዚህ ቸልታ በስተጀርባ ሁለት ግምቶች አሉ። አንደኛው የሰነድ ግድፈት በማንኛውም ጊዜ ሊታረም ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው እርማት ሁልጊዜ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም የሚል ነው። የኮምፒውተር ታሪክ ሁለቱንም ግምቶች ያስተባብላል። አንዳንድ ግድፈት ጊዜው ካለፈ በኋላ ፈጽሞ የማይታረም ይሆናል፤ አንዳንድ እርማት ደግሞ ትክክል የነበረውን ያበላሻል። ከዚህ በታች የሁለቱ ወሰን በታወቁ ምሳሌዎች ይመረመራል፤ ከምሳሌዎቹም ለአራሚ የሚሆን አሠራር ይወጣል።

የግድፈት ዓይነቶች

ግድፈቶችን በሚያስከትሉት ውጤት መሠረት በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ንባብን ብቻ የሚያውክ ነው። «ሶፍትዌር» ለማለት «ሶፍዌትር» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ለቅጽበት ይደናቀፋል እንጂ የሚሠራው ሥራ አይለወጥበትም።

ሁለተኛው ተግባርን የሚለውጥ ነው። በሰነድ ውስጥ የተጻፈ ትዕዛዝ ተገልብጦ በኮምፒውተር ላይ የሚፈጸም በመሆኑ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ዋጋ አለው። ብዙ ትዕዛዞች አማራጮቻቸውን የሚቀበሉት ከሁለት ተከታታይ አጫጭር ጭረቶች በኋላ ነው። ሰነዱን ለኅትመት የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ሁለቱን ጭረቶች ወደ አንድ ረጅም ጭረት ከለወጣቸው ጽሑፉ ለዓይን ያምራል፤ ትዕዛዙ ግን አይሠራም። ቀጥ ያለው ትምህርተ ጥቅስ ወደ ጎባጣው ሲለወጥም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ከእነዚህ የሚከፋው ባዶ ቦታ ነው። በፋይል አድራሻ መካከል በስሕተት የገባ አንድ ባዶ ቦታ በትዕዛዝ መስመር ላይ አንዱን አድራሻ ሁለት ያደርገዋል። ትዕዛዙ የመሰረዝ ትዕዛዝ ከሆነ አንባቢው ያላሰበው ማኅደር ሊጠፋበት ይችላል። የጥናቱን መረጃ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ላስቀመጠ ተማሪ ይህ የወራት ድካም ማጣት ነው።

ሦስተኛው አሻሚነት ነው። ፊደሉ ሁሉ በትክክል ተጽፎ ሳለ ዐረፍተ ነገሩ ለሁለት ወይም ለሦስት ትርጉም የሚመች ሲሆን የሚፈጠር ችግር ነው። የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም አያገኘውም። ጸሐፊውም የራሱን ሐሳብ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ለማየት ይቸገራል። ብዙውን ጊዜ የሚያስተውለው ለጉዳዩ አዲስ የሆነው አንባቢ ነው።

ጊዜው ያለፈበት እርማት

ብራውዘር አንድን ድረ ገጽ ሲጠይቅ፣ ተጠቃሚው ከየትኛው ገጽ ተነሥቶ እንደመጣ ለሰርቨሩ የሚያሳውቅበት የራስጌ መስመር አለ። የመስመሩ ስም «ሪፈረር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ቃሉ በትክክለኛ አጻጻፉ በመካከሉ ሁለት የ«አር» ፊደሎች ይከታተሉበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድ፣ ማለትም አርኤፍሲ 1945፣ ግን በአንድ «አር» ብቻ ጻፈው። መጥበቅን በማያሳየው በግዕዝ ፊደል ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው።

ብራውዘሮችና ሰርቨሮች በተሳሳተው ስም መነጋገር ከጀመሩ በኋላ አንዱ ወገን ብቻውን ስሙን ቢያርም ሌላው አይረዳውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አርኤፍሲ 2616 ግድፈቱን በማረም ፈንታ የራስጌው ስም የፊደል ስሕተት እንዳለበት ለአንባቢው ማሳወቅን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9110ም ስሙን እንዳለ አቆይቶታል። ይህ በእንዲህ እንዳለ ዘግይተው የተፈጠሩ ተዛማጅ ስሞች በትክክለኛው አጻጻፍ ተቀርጸዋል። ለምሳሌ ይኸው ራስጌ ምን ያህል መረጃ እንዲያሳልፍ የሚወስነው ሌላው ራስጌ በሁለት «አር» ይጻፋል። በዚህም ምክንያት ዛሬ የድር ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ አንዱን ቃል በሁለት አጻጻፍ ማስታወስ ግድ ሆኖበታል።

ተመሳሳይ ታሪክ በዩኒኮድ መስፈርት ውስጥ ይገኛል። ዩኒኮድ ለዓለም ጽሕፈቶች ፊደላትና ምልክቶች ቁጥርና ስም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 4.1 እትም፣ ከላይ ወደ ታች ለሚጻፍ ጽሑፍ በተዘጋጀ አንድ ቅንፍ ስም ውስጥ፣ «ብራኬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የ«ሲ» እና የ«ኬ» ፊደሎቹ ቦታ ተለዋውጠው ታተመ። መስፈርቱ አንድ ጊዜ የወጣ ስም እንዳይለወጥ የሚያዝዝ ደንብ አለው። ስለሆነም የተሳሳተው ስም በቦታው ጸና፤ ትክክለኛው በጎኑ ተለዋጭ ስም ሆኖ ተመዘገበ።

ይኸው ደንብ የኢትዮጵያን ፊደላት ይመለከታል። ፊደላቱ ወደ ዩኒኮድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ በመስፈርቱ ውስጥ በላቲን ፊደል የተጻፉት ስሞቻቸው ቢወደዱም ባይወደዱም እንዳሉ ይኖራሉ። ወደፊት ለሚጨመሩ ምልክቶች የስም ሐሳብ የሚያቀርብ ተመራማሪ የእርማት ጊዜው ከኅትመት በፊት ያለው ጊዜ ብቻ መሆኑን ከዚህ ሊረዳ ይገባል።

ከዩኒክስ ሥርዓት መሥራቾች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን፣ ሥርዓቱን እንደገና ቢነድፍ ምን እንደሚለውጥ ተጠይቆ፣ ፋይል የሚፈጥረውን ጥሪ ስም በመጨረሻው የጎደለችውን የ«ኢ» ፊደል ጨምሮ እንደሚጽፈው መመለሱ በሙያው ዘንድ ይነገራል። መልሱ ቀልድ ያለበት ቢሆንም ቁም ነገሩን ይነካል። ጥሪው በስሙ በሚጠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ ውስጥ ስለገባ ፈጣሪው ራሱ ሊያርመው አልቻለም። ግድፈት ሰው ብቻ በሚያነበው ጊዜ በቀላሉ ይታረማል። ፕሮግራም በላዩ ከተሠራ በኋላ ግን የስምምነት አካል ይሆናል።

አሻሚ አነጋገር

የእንግሊዝኛው «ሜይ ኖት» አንድም «አልተፈቀደም»፣ አንድም «ላይሆን ይችላል» ተብሎ ይተረጎማል። በተራ ንግግር ዐውዱ ይለየዋል። ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩ ፕሮግራሞችን በሚጽፉበት መስፈርት ውስጥ ግን አንዱ ክልከላ፣ ሌላው ፈቃድ አድርጎ ከተረዳው ፕሮግራሞቹ አይግባቡም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2119 ይህን ለመከላከል ግዴታን፣ ምክርንና ፈቃድን የሚገልጹ ቃላትን ለይቶ ተረጎመ። አሻሚው «ሜይ ኖት» ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይሁንና አሻሚነትን ለማስወገድ የተጻፈው ሰነድ ራሱ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ቀረ። እነዚህ ቃላት በትንንሽ ፊደሎች ሲጻፉ ያው ኃይል አላቸው ወይስ የላቸውም? ጥያቄው መልስ ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8174 ልዩ ትርጉማቸው የሚጸናው ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደሎች ሲጻፉ ብቻ መሆኑን ደነገገ።

ይህ መፍትሔ በቀጥታ ወደ አማርኛ ሊሻገር አይችልም፤ የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚል ልዩነት የለውምና። በአማርኛ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ግዴታውን «የግድ»፣ ምክሩን «ይመረጣል»፣ ፈቃዱን «ይቻላል» በመሳሰሉ ቃላት ለይቶ፣ ትርጉማቸውን በሰነዱ መግቢያ ላይ ወስኖ፣ ከዚያም ሳያወላውል ሊጠቀምባቸው ይገባል።

አማርኛ የራሱ የሆኑ የአሻሚነት ምንጮችም አሉት። «ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ይዘጋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መመልከት ይበቃል። «ይዘጋል» ላልቶ ሲነበብ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የተጠቀሰን ነገር፣ ለምሳሌ ፋይልን፣ ይዘጋል ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ የሚዘጋው ራሱ ፕሮግራሙ ነው። ጠብቆም ቢሆን ፕሮግራሙ በራሱ ይዘጋ ወይም ተጠቃሚው እንዲዘጋው የታዘዘ ይሁን አይታወቅም። «ፕሮግራሙ ፋይሉን ይዘጋዋል»፣ «ፕሮግራሙ በራሱ ይዘጋል»፣ «ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ይዝጋው» የሚሉት ሦስት አጻጻፎች ጥርጣሬውን ያስወግዳሉ። ከሦስቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን የቋንቋ ዕውቀት ብቻውን አይመልስም። ፕሮግራሙን አስነሥቶ ማየት ያስፈልጋል። አሻሚ አነጋገርን ሳያጣሩ ማጥራት ጥርጣሬን ወደ እርግጠኛ ስሕተት ሊለውጥ ይችላል። አሻሚውን ያነበበ ሰው ቢያንስ ይጠይቃል፤ ግልጽ ሆኖ የተሳሳተውን ያነበበ ግን ያምናል።

እርማትን የሚያስተናግዱ ልማዶች

አርኤፍሲ ተብለው የሚታወቁት የኢንተርኔት ሰነዶች ከወጡ በኋላ ጽሑፋቸው አይነካም። ግድፈት ያገኘ ሰው በተለየ የእርማት መዝገብ ያስመዘግባል። መዝገቡ የቴክኒክ እርማትን ከአርትዖት እርማት ይለያል። የቀረበው እርማት ተመርምሮ ይረጋገጣል፣ ውድቅ ይደረጋል፣ ወይም ሰነዱ እስኪሻሻል ድረስ በይደር ይቆያል። በዚህ አሠራር እርማት ማስረጃ የሚጠየቅበት አቤቱታ ነው።

የቴክ የኅትመት ሥርዓት ደራሲ የሆነው ዶናልድ ክኑዝ ደግሞ በመጻሕፍቱ ውስጥ ስሕተትን አስቀድሞ ላገኘ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም በመክፈል ይታወቃል። 256 በአሥራ ስድስት ቤት የቁጥር ሥርዓት 100 ተብሎ ስለሚጻፍ ክፍያው የሙያ ቀልድ አለበት። ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት በቴክ ውስጥ ያገኛቸውን ስሕተቶች በአሥራ አምስት ምድብ ከፍሎ መዝግቧል፤ ተራ የአጻጻፍ ግድፈትም የራሱ ምድብ ተሰጥቶታል። ትንሹን ስሕተት ከትልቁ ጋር በአንድ መዝገብ ማስፈር ትንሹ ከየት እንደሚመጣ ለማጥናት ያስችላል።

ለአራሚ የሚሆን አሠራር

ከላይ ከተነሡት ምሳሌዎች አምስት ተግባራትን ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ አራሚው የሚያነበው የትኛውን እትም እንደሆነ ያረጋግጥ። ግድፈቱ በአዲሱ እትም ታርሞ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተሳሳተ የመሰለው ቃል ተራ ጽሑፍ ነው ወይስ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገኝ ስም? የሚለውን ኮዱን ፈልጎ ይለይ። ስለ ድር ራስጌዎች በሚያስረዳ ሰነድ ውስጥ ሁለተኛውን «አር» የሚጨምር ሰው በቅን ልቦና ሰነዱን ያበላሻል። ስሙ በኮዱ ውስጥም የተሳሳተ ከሆነ ሰነዱ ስሙን እንዳለ ይዞ አጻጻፉ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን በአጭሩ ያስታውቅ።

ሦስተኛ፣ ትዕዛዝ የሚያርም ሰው ጉዳት በማያደርስበት ቦታ፣ ለሙከራ በተዘጋጀ ማኅደር ውስጥ፣ ትዕዛዙን ከታረመው ሰነድ ላይ ገልብጦ ይፈጽመው። በእጅ ጽፎ መሞከር በኅትመት የተለወጠውን ጭረትና ትምህርተ ጥቅስ አያጋልጥም።

አራተኛ፣ የፊደል እርማትንና የትርጉም እርማትን በተለያየ የለውጥ ጥያቄ ያቅርብ። የፊደሉን እርማት ኃላፊው በአንድ እይታ ሊቀበለው ይችላል። የትርጉሙ እርማት ውይይት ይጠይቃል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ቀላሉ በከባዱ ምክንያት ይዘገያል፤ አልያም ከባዱ በቀላሉ ተከልሎ ሳይመረመር ያልፋል።

አምስተኛ፣ ምክንያቱን ይጻፍ። የነበረው ምን እንደሚል፣ ምን ሊል እንደሚገባና ይህ በምን እንደታወቀ በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር መግለጽ ይበቃል። ምክንያት ሊጻፍለት የማይችል ለውጥ ብዙውን ጊዜ የአራሚው የአነጋገር ምርጫ ነው፤ እንዲህ ያለውን ለባለቤቱ መተው ይሻላል።

ማጠቃለያ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሶፍትዌር ሰነድ ጋር በሁለት ወገን ይገናኛል። በአንድ ወገን የሌሎችን ሰነድ ያነባል፤ በሌላው ወገን ከጥናቱ ጋር የሚያቀርበውን የራሱን ኮድ ሰነድ ይጽፋል። በመጀመሪያው ግድፈትን አይቶ አለማለፍና ሳያጣሩ አለማረም ሁለቱም ይጠበቁበታል። በሁለተኛው ደግሞ የፋይሎቹ፣ የትዕዛዞቹና የመረጃ ዐምዶቹ ስሞች በሌሎች ሥራ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ለጉዳዩ አዲስ በሆነ አንድ ሰው ቢነበቡ ይጠቅመዋል። ባልደረባው በግማሽ ቀን አንብቦ የሚያገኘው ግድፈት፣ ኮዱ ከተሠራጨ በኋላ ቢገኝ ተከታዮቹ ጥናቶች ሁሉ ተሸክመውት ሊኖሩ ይችላሉ።