የፒክአፕ መጎተቻ ኳስና መያዣው፦ አመራረጥና አቀማመጥ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

እንደሚታወቀው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በቡሹሎና በአካባቢዋ ምርትን ከማሳ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ገበያ ማጓጓዝ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ይህን ችግር ለማቃለል በየአገሩ ልዩ ልዩ ጥረት ተደርጓል። በአሰላ በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ከእርሻ መሣሪያዎች ጋር ጋሪን ለማሻሻል የሠራው ሥራ ለዚህ ምሳሌ ነው። ዛሬ ደግሞ ፒክአፕ ያለው ማኅበር አነስተኛ ተሳቢ ቢጨምርበት በአንድ ጉዞ ብዙ ኩንታል ሊያነሣ ይችላል።

ይሁን እንጂ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ዕቃ ከሁሉም ያነሰ፣ ከሁሉም ያልታሰበበት ሆኖ እናገኘዋለን። ከጎበኘናቸው ማኅበራት በአንዱ የጠፋው ኳስ ከገበያ በተገዛ ሌላ ኳስ ተተካ። ቆቡ ገጠመ፤ መቆለፊያውም ተዘጋ። ሁለት ጉዞ በደኅና ተጠናቀቀ። በሦስተኛው ጉዞ መኪናው ቦይ ሲሻገር ተሳቢው ነጥሮ ከኳሱ ላይ ወጣ። ከመንገድ እንዳይወጣ የያዘው የጥንቃቄ ሰንሰለቱ ብቻ ነበር። በመንገዱ ዳር ተማሪዎች ይሄዱ ነበር። ኳሱ ሲለካ ከቆቡ ልክ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህችን አነስተኛ ጽሑፍ ያዘጋጀነው እንዲህ ያለው ስሕተት እንዳይደገም ነው።

1. የዕቃዎቹ ስምና ተግባር

ሀ) መቀበያ፦ ከመኪናው ሻንሲ ጋር በቡሎን የታሰረ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው። በብዛት የሚገኘው የውስጥ ስፋቱ 2 ኢንች (50.8 ሚሊ ሜትር) ነው።
ለ) መያዣ፦ ወደ መቀበያው የሚገባና ኳሱ የሚቆምበት ብረት ነው። ቀጥ ያለ፣ ወደ ታች የታጠፈ ወይም ወደ ላይ የታጠፈ ሊሆን ይችላል።
ሐ) ኳስ፦ በመያዣው ላይ በዳዶ የሚታሰር ክብ ብረት ነው።
መ) ቆብ፦ በተሳቢው ዘንግ ጫፍ የሚገኝ፣ በኳሱ ላይ ተደፍቶ የሚቆለፍ ክፍል ነው።
ሠ) ፒን፦ መያዣው ከመቀበያው እንዳይወጣ የሚያግድ ዘንግ ነው። ለ2 ኢንች መቀበያ የሚያገለግለው ፒን ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በጫፉ የሽቦ መቆለፊያ አለው።

2. የኳስ ልክ

በአውሮፓ ለቀላል ተሳቢዎች የሚሠራበት ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በደረጃ ቁጥር 1103 ተወስኗል። በአሜሪካ ደግሞ ሦስት ልኮች የተለመዱ ናቸው፤ እነርሱም 1⅞ ኢንች (47.6 ሚሊ ሜትር)፣ 2 ኢንች (50.8 ሚሊ ሜትር) እና 2 5/16 ኢንች (58.7 ሚሊ ሜትር) ናቸው። ወደ አገራችን የሚገቡት መኪናዎችና ዕቃዎች ከልዩ ልዩ አገር ስለሚመጡ እነዚህ ልኮች በአንድ ሱቅ ተደባልቀው ሊገኙ ይችላሉ።

ትልቅ ኳስ በትንሽ ቆብ ውስጥ ስለማይገባ ስሕተቱ ወዲያውኑ ይታወቃል። አደገኛው ትንሽ ኳስ በትልቅ ቆብ ሲገባ ነው። የገጠመ ይመስላል፣ ይቆለፋል፣ ሜዳ ላይም ይጎተታል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥመው ግን ይወጣል። ስለዚህ ልኩን በዓይን መገመት አይገባም። በቆቡ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና በኳሱ አናት ወይም አንገት ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆናቸው ይረጋገጥ። ጽሑፍ የሌለው ኳስ አይገዛ፤ ያለው ከሆነም በካሊፐር ይለካ።

ኳስ በሥራ ብዛት ያልቃል። 50 ሚሊ ሜትር የነበረ ኳስ በማናቸውም በኩል ሲለካ 49 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከደረሰ መለወጥ አለበት።

3. ክብደትን ማስላት

በመኪናው፣ በመቀበያው፣ በመያዣው፣ በኳሱና በተሳቢው ላይ የተጻፈው የመሸከምና የመጎተት ዐቅም የተለያየ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ውስጥ የሚሠራበት ዝቅተኛው ቁጥር ነው። 3,500 ኪሎ ግራም የሚችል ኳስ መግዛት ደካማ መቀበያን አያጠነክርም።

የራሱ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ በብዙ ፒክአፖች መመሪያ መጽሐፍ የተፈቀደው 750 ኪሎ ግራም ነው። የየመኪናው መጽሐፍ መታየት ይኖርበታል።

ምሳሌ፦ ባዶ ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም የሆነ ፍሬን የሌለው ተሳቢ 4 ኩንታል በቆሎ ቢጫን ጠቅላላ ክብደቱ 650 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህ ከ750 በታች ነው። 8 ኩንታል ቢጫን ግን 1,050 ኪሎ ግራም ስለሚሆን ከተፈቀደው በ300 ኪሎ ግራም ይበልጣል። መኪናው መጎተት አያቅተው ይሆናል፤ ቁልቁለት ላይ ማቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ጭነት ሁለት ጉዞ ወይም ፍሬን ያለው ተሳቢ ይፈልጋል።

4. በኳሱ ላይ የሚያርፈው ጫና

የጋሪ ባለሙያ ይህን ነገር በሚገባ ያውቀዋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ዘንጉ ወደ ላይ ተነሥቶ አህያዋን ይሰቅላታል፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ጀርባዋን ይጫናታል። ተሳቢም እንዲሁ ነው። ከኋላ የከበደ ተሳቢ በጉዞ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከፊት እጅግ የከበደው የመኪናውን ኋላ አስጎንብሶ የፊት ጎማዎች መሬት የመያዝ ኃይል እንዲቀንስ ያደርጋል።

ለአነስተኛ ተሳቢ በኳሱ ላይ ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህል ቢያርፍ ጥሩ ነው። ከላይ ለተጠቀሰው 650 ኪሎ ግራም 65 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይሁን እንጂ በመያዣው ወይም በመኪናው መጽሐፍ ከተጻፈው ወሰን ማለፍ የለበትም። ለመለካት ማኅበሩ ምርት የሚመዝንበት ባስኩላ ይበቃል። ተሳቢው በተስተካከለ መሬት ይቁም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፤ ቆቡ ኳሱ ላይ በሚሆንበት ከፍታ በባስኩላው ላይ በቆመ ግንድ ይደገፍ። የግንዱ ክብደት ተቀንሶ ቁጥሩ ይነበብ። ከበዛ ወይም ካነሰ ጆንያዎቹን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት በማዛወር ይስተካከላል።

5. ከፍታን ማስተካከል

ተሳቢ ሲጎተት አግድም ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ትክክለኛውን መያዣ ለመምረጥ፦

ሀ) መኪናው በተስተካከለ መሬት ቆሞ ከመሬት እስከ መቀበያው የውስጥ ጣሪያ ይለካ።
ለ) ተሳቢው ቀጥ ብሎ ተደግፎ ከመሬት እስከ ቆቡ የታችኛው ጠርዝ ይለካ።
ሐ) ልዩነቱ ይወሰድ።

ምሳሌ፦ የመጀመሪያው 52፣ ሁለተኛው 42 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች የታጠፈ መያዣ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከበለጠ ወደ ላይ የታጠፈው ይመረጣል። መያዣን በጋራዥ ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም ወይም ኳስን በመያዣው ላይ መበየድ አይገባም፤ የብረቱ ጥንካሬ በሙቀት ይለወጣልና።

6. ከጉዞ በፊት

ሀ) የኳሱ ዳዶ ሠሪው ባዘዘው መጠን መጥበቁ ይታይ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም እንደገና ይፈተሽ።
ለ) ፒኑና የሽቦ መቆለፊያው በቦታቸው ይኑሩ። በቶንዲኖ ቁራጭ ወይም በሚስማር መተካት ክልክል ነው።
ሐ) ቆቡ ከተቆለፈ በኋላ የተሳቢው ዘንግ በክሪክ ጥቂት ከፍ ይደረግ። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ በደንብ ይዟል። ቆቡ ብቻውን ከተነሣ ጉዞ አይጀመር።
መ) ሁለቱ ሰንሰለቶች ከዘንጉ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ። ቆቡ ቢወጣ ዘንጉ መሬት ከመውጋቱ በፊት በሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል። ለመጠምዘዝ በቂ ርዝመት ይኑራቸው፤ መሬት ግን አይንኩ።
ሠ) የፍሬን መብራትና ፍሬቻ ይሞከሩ።

7. አቀማመጥ

የሐይቅ ዳር እርጥበትና የክረምት ጭቃ ብረትን ቶሎ ያዝጋሉ። መኪናው ላይ የከረመ መያዣ ከመቀበያው ጋር በዝገት ተጣብቆ በመዶሻም አይወጣ ይሆናል። ከዚህም በላይ በጭቃ መንገድ መሬት ይመታል፤ በገበያ መካከል የእግረኛን ቅልጥም ይመታል፤ ይሰረቃልም። ስለዚህ ተሳቢ በማይጎተትበት ጊዜ፦

ሀ) መያዣው ይውጣ፤ ጭቃው ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል።
ለ) ዝገት ካለ በብረት ብሩሽ ይነሣና ከኳሱ በስተቀር ቀለም ይቀባ። ስንጥቅ ወይም መጣመም የታየበት መያዣ ከሥራ ይውጣ።
ሐ) ኳሱ ላይ ስስ ግራሶ ተቀብቶ በአሮጌ ካላማደሪያ ቁራጭ ይሸፈን። እንደገና ከመሥራቱ በፊት አሸዋ የያዘው ግራሶ ተጠርጎ አዲስ ይቀባ።
መ) መሬት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ፒኑና መቆለፊያው አብረውት ይታሰሩ።
ሠ) ከማዳበሪያና ከጨው ጆንያ ይራቅ። ማዳበሪያ እርጥበት ስቦ ብረትን ይበላል፤ በብዙ ማኅበራት መጋዘን የሚታየው ጉዳት ይኸው ነው።
ረ) ልዩ ልዩ ልክ ያላቸው ኳሶች ካሉ የየኳሱ መያዣና የተሳቢው ዘንግ በአንድ ዓይነት ቀለም ምልክት ይደረግባቸው። ምልክቱ በንብረት መዝገብ ይጻፍ፤ ሾፌር ሲለወጥ ትምህርቱ አብሮ እንዳይጠፋ።
ሰ) የመቀበያው አፍና የተሳቢው ቆብ በላስቲክ ይሸፈኑ።

ማጠቃለያ

ኳስና መያዣ ከመኪናውና ከተሳቢው ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ገንዘብ ያወጣሉ፤ የሚሸከሙት ኃላፊነት ግን የማኅበሩን ምርትና የመንገደኛውን ሕይወት ነው። የልማት ሠራተኞች ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ሳይሆን በማኅበሩ ግቢ፣ በማኅበሩ ተሳቢ፣ በሜትርና በባስኩላ እያሳዩ እንዲሰጡ አደራ እንላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችሁ ተሳቢ ቆብና ኳስ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ምን ይላሉ? አንድ ናቸውን?
2. ባዶ ክብደቱ 300 ኪሎ ግራም የሆነ ፍሬን የሌለው ተሳቢ፣ ወሰኑ 750 ኪሎ ግራም ቢሆን ስንት ሙሉ ኩንታል ሊጫን ይችላል? (መልስ፦ 4)
3. ትንሽ ኳስ ከትልቅ ኳስ ይልቅ የሚያሰጋው ለምንድን ነው?
4. መያዣው አሁን የት ነው የተቀመጠው? ከጎኑስ ምን አለ?