ጡት የማሳነስ ቀዶ ሕክምናና ጡት ማጥባት



አንዲት እህት የ12 ቀን ሕፃን ታቅፋ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣችና «ወተት የሚያወርድ መድኃኒት ስጪኝ» አለችኝ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ይጠባል፣ ግን አይጠግብም፤ ሽንቱም ቀንሷል። ደጋግሜ ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከትዳር በፊት በውጭ አገር ሳለች ጡቷን በቀዶ ሕክምና ማሳነሷን ነገረችኝ። አማቷ ይህን ስለማያውቁ «አጠባቡን አታውቂበትም» ይሏታል።

ሕክምናው በራሱ የሚያሳፍር አይደለም። ጡታቸው ከመጠን በላይ ከብዶ ትከሻና ጀርባቸውን የሚያማቸው፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ እየቆሰለ በየጊዜው ቅባት የሚገዙ እህቶችን አውቃለሁ። የሸሪዓውን ጥያቄ ለዑለሞች ትቼ ስለ ወተቱ ላውራ።

ወተት የሚሠራው በጡት ውስጥ ባሉ እጢዎች ነው፤ በቀጫጭን ቱቦዎችም ወደ ጡት ጫፍ ይወርዳል። ሕፃኑ ሲጠባ ነርቮች ለአንጎል መልእክት ያደርሳሉ፤ አንጎልም ወተት የሚያሠራውን ፕሮላክቲንና ወተት የሚያወርደውን ኦክሲቶሲን ይለቃል። ቀዶ ሕክምናው ከስቡ ጋር እጢም ያወጣል፣ ቱቦና ነርቭም ሊቆርጥ ይችላል። የጡቱ ጫፍ ከሥሩ ካለው ሥጋ ሳይለይ ከቀረ ብዙዎች ቢያንስ በከፊል ያጠባሉ። ሙሉ በሙሉ ተነስቶ እንደገና ከተሰፋ ግን ቱቦዎቹ ሁሉ ስለሚቆረጡ ተስፋው ይመነምናል። ይህቺ እህት የትኛው እንደተደረገላት አልጠየቀችም፤ «ማጥባት ትችያለሽ» ብቻ ተብላለች። ማጥባት መቻልና ልጅን የሚያጠግብ ወተት ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው።

መድኃኒቱን አልሸጥኩላትም። ዶምፐሪዶን ፕሮላክቲንን ከፍ ቢያደርግም የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ለወተት ማብዣ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። አብሽም ቢሆን፣ እናቶቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ የተቆረጠ ቱቦ አይቀጥልም፤ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናትንም ስኳሯን ከልክ በታች ሊያወርድባት ይችላል።

ከ5ኛው ቀን በኋላ ሕፃን በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀነሰውንም ክብደት በ2 ሳምንት ገደማ ይመልሳል። ሽንቱ ካነሰ፣ እንቅልፍ ካበዛ ወይም ለመጥባት ከደከመ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ነገ አይባልም።

እሷንም በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ላክኋት። ልጁ ሲወለድ ከነበረው ክብደት በታች ነበር። ጡቱን ሳታቋርጥ፣ ካጠባች በኋላ የዱቄት ወተት በኩባያ እንድትጨምርለት ታዘዘች። መጥባቱ ያለውን ወተት እንዳይደርቅ ይረዳል፤ ቱቦና ነርቭም በዓመታት ውስጥ በከፊል ሊያገግሙ ስለሚችሉ በሁለተኛው ልጅ ወተት የሚሻላቸው እናቶች አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ አሁን ወፍሯል።

ሌላ ሴት ታጥባልኝ የምትል እናት ካለች ቁርኣን ይህን ፈቅዷል። ነገር ግን ሴቲቱ አስቀድማ የኤች አይ ቪ ምርመራ ታድርግ። የጡት ዝምድናም ጋብቻን ይከለክላልና (በሻፊዒይ መዝሀብ አምስት ጊዜ በመጥባት፣ በሐነፊይ አንዴም ቢሆን) ማን ማንን እንዳጠባች በጽሑፍ አስቀምጡ።

ገና ለማሠራት የምታስቡ እህቶች፣ ችግሩ የሚታገሥ ከሆነ ወልዳችሁ እስክትጨርሱ ብትቆዩ ይሻላል፤ ጡት በእርግዝናና በማጥባት መጠኑ ስለሚለዋወጥ ሐኪሞችም ልጅ ጡት ከጣለ በኋላ 6 ወር ያህል መጠበቅን ይመክራሉ። መቆየት ካልተቻለ የጡቱ ጫፍ ይነሳ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ያሠራችሁ ደግሞ በእርግዝና ክትትል ወቅት ለሐኪሙ ንገሩ፤ ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ክብደቱ እንዲታይ።