ሽፈራው ‹‹ከቫይታሚን ሲ ይበልጣል›› ተብሎ የስኳር ክኒን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የስኳር ሕመም ከያዛት ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ታዞላት ትወስዳለች። ከሁለት ወር ወዲህ ግን የሽፈራው ዱቄት ጠዋትና ማታ እያፈላች ትጠጣለች፤ ክኒኑን ደግሞ ‹‹ኬሚካል ነው፣ ኩላሊቴን ይጨርሰዋል›› እያለች አንዳንድ ቀን ትዘለዋለች። ወንድሜ የሽፈራው ቅጠል በላቦራቶሪ ተመርምሮ አንቲኦክሲደንቱ ከፍተኛ ሆኖ መገኘቱን የሚናገር ጥናት አነበበላት። ከዚያ ወዲህ እኔን መስማት ትታለች። ጥናቱ እውነት ከሆነ ክኒኑ ለምን ያስፈልጋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ክኒኑን አያቋርጡ። ይህን መጀመሪያ ያልኩት ቀሪውን ሳትጨርሺ ሄደሽ እንድትነግሪያቸው ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በየሳምንቱ ይቀርብልኛል። ተክሉ ብቻ ይለዋወጣል፤ አንዴ ሽፈራው፣ አንዴ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዴ ግራዋ። ድሮ ‹‹ጎረቤቴ ነገረችኝ›› ይባል ነበር፤ ዛሬ ‹‹በላቦራቶሪ ተረጋግጧል›› ሆኗል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ወንድምሽ ያነበበው ጥናት ውሸት አይደለም። ከተጠየቀው በላይ መልስ እንዲሰጥ ተደርጎ ነው የተነበበው።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ ሜታኖል ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ተጣርቶ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። ከዚያ ዲፒፒኤች የሚባል ጥቁር ሐምራዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ውስጥ ከዝቃጩ በጥቂቱ ይጨመርና ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ጓደኛዬ ቱቦዎቹን ሲያወጣ ሐምራዊው ጠፍቶ ብርዝ የመሰለ ቢጫ ሆኖ ነበር። በ517 ናኖሜትር ብርሃን ተለክቶ ቀለሙ ምን ያህል እንደጠፋ ይመዘገባል። አንቲኦክሲደንት ካለ ቀለሙ ይጠፋል፤ ምርመራው ይኸው ነው። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ከመቶ ተክል ውስጥ የትኛው ጠለቅ ያለ ጥናት እንደሚገባው ለመለየት ይረዳል።

ነገር ግን ያ ቱቦ ጨጓራ የለውም፣ ጉበት የለውም፣ ቆሽት የለውም። ስኳር እንኳ የለበትም! የእናትሽ ችግር ሐምራዊ ቀለም አይደለም፤ ኢንሱሊን በበቂ አለመሥራቱ ነው። ቅጠሉን ስንጠጣው ደግሞ ቀለሙን ካጠፉት ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ ከአንጀት ወደ ደም አያልፉም፤ ያለፉትንም ጉበት ቶሎ ለውጦ ያስወግዳቸዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የአንቲኦክሲደንት መጠን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ለሕዝብ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን አነሳው፤ በቱቦ የተለካው ቁጥር በሰው አካል ውስጥ ከሚሆነው ጋር አልገናኝ ብሎ፣ ሻጮችም ለማስታወቂያ እየተጠቀሙበት ስላስቸገሩ ነው።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር። በጥናቶቹ ሰንጠረዥ ላይ ‹‹አይሲ 50›› የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። የቀለሙን ግማሽ ለማጥፋት ምን ያህል መጠን እንዳስፈለገ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ተክሉ የበረታ ነው። የቫይታሚን ሲ 5፣ የቅጠሉ 50 ሆኖ ቢጻፍ ቅጠሉ አሥር እጥፍ ደካማ ነው ማለት ነው። ‹‹አሥር እጥፍ ይበልጣል›› ብሎ ያነበበ ሰው ግን አጋጥሞኛል።

‹‹ቢሆንስ፣ አንቲኦክሲደንት ቢበዛ ምን ይጎዳል?›› የሚለኝም አለ። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ ይኸው ተሞክሯል። አንቲኦክሲደንት የሆነውን ቤታ ካሮቲን በክኒን መልክ የወሰዱት ከሳንባ ካንሰር ይጠበቃሉ ተብሎ ነበር የታሰበው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ካንሰሩ ካልወሰዱት ይልቅ በእነሱ ላይ በ18 በመቶ በዝቶ ተገኘ። ካሮት መብላትና ካሮቲንን በክኒን መዋጥ አንድ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስል የባህል መድኃኒትን የምንቅ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ለወባ የምናዘው ኮአርተም ከቅጠል የመጣ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት ሥራ ነው። የጥንት የቻይና መጽሐፍ ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን እንደማይናገር አስተዋለች፤ ሙቀት መድኃኒቱን እያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው፤ ያን ጊዜ ሠራ። እናትሽ ግን ሽፈራውን የሚያፈሉት በውሃ ነው፤ ጥናቱ የተሠራው በሜታኖል ነው። ከአንድ ቅጠል የወጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሜታኖል ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነውና ‹‹እንደ ላቦራቶሪው እናውጣው›› የሚል ሰው ካለ አደራ!

ከሀገራችንም ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያ አስተላላፊ መሆናቸውን ያውቅ ነበርና እንዶድን ለዓመታት መረመረው። ያየውን ይዞ በቀጥታ ወደ በሽተኛ አልሄደም።

ተክል ነው ማለት ደግሞ አይጎዳም ማለት አይደለም። ኮሶ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ነርቭ ይጎዳል። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ምንም አይደለም፤ ነፍሰ ጡር ጨምቃ ስትጠጣው ግን ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። አንድ የታክሲ ሾፌር በሽተኛ ነበረኝ። ክኒኑን ትቶ አራት ወር ሙሉ በሃይላንድ የበጠበጠውን ዱቄት ሲጠጣ ከርሟል። ጫማው እግሩን ልጦት ሦስት ሳምንት ቆይቶ መጣ። ካልሲው ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ስለነበር በጨው ውሃ እያራስን ነው ያላቀቅነው። አልተሰማውም፤ ስኳሩ የእግሩን ነርቭ አደንዝዞታል። በባዶ ሆድ ስኳሩ 380 ነበር። ለምን ዘገየህ ስለው ‹‹ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ፣ ትንሽ እስኪሻለኝ ጠበቅኩ›› አለኝ። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ።

‹‹ይቆጡኛል›› ያለው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ ሐኪሞች ስለ ባህል መድኃኒት ሲነሳ ፊታችንን እናጠቁራለን፤ በሽተኛውም ይደብቃል። የሚደበቅ ነገር ደግሞ ከክኒኑ ጋር ምን እያደረገ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሽፈራው በአይጦች ላይ ስኳር ሲያወርድ ታይቷል። በሰው ላይም በመጠኑ ቢያወርድና እናትሽ በዚያው ቀን ግሊቤንክላማይድ ከወሰዱ ስኳራቸው ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ክኒኑን በዘለሉበት ቀን ደግሞ ይወጣል። አንድ ቀን መውሰድ አንድ ቀን መተው አደገኛ ነው። በወባም በሳንባ ነቀርሳም የማየው ይኸው ነው፤ ትኩሳቱ ሲለቅ፣ ሳሉ ሲቆም ‹‹ድኛለሁ›› ተብሎ መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የኮአርተም ስድስቱም ዶዝ በሦስት ቀን ማለቅ አለበት፤ የነቀርሳውም ስድስት ወር ከተባለ ስድስት ወር ነው።

ስለ ኩላሊት የሰጉት ስጋት እውነት አለው፤ ግን ኩላሊትን የሚጨርሰው ያልተያዘ ስኳርና ደም ግፊት ነው። ሜትፎርሚን ኩላሊት አይጨርስም፤ ኩላሊት ሲደክም ግን መጠኑ መቀነስ ወይም መቆም ስላለበት በዓመት አንዴ የኩላሊት ምርመራ እናዛለን። ካላደረጉ ያድርጉ።

ሽፈራው እንደ ጎመን ይበላ። ኮንሶ ከዕለት ምግቡ ጋር ሲበላው ኖሯል፤ ጥሩ ቅጠል ነው። ዱቄቱን ግን ለጊዜው ያቁሙና የገዙበትን ፌስታል ከክኒኖቹ ጋር ይዘው ወደሚከታተላቸው ሐኪም ይሂዱ። አንቺም አብረሽ ግቢ። ስንት ማንኪያ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይናገሩ፤ የሦስት ወር ስኳራቸውም ይለካ።

ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ስኳር ወርዷል ብለሽ ጠርጥሪ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጪያቸው፤ ቢሻላቸውም ግሊቤንክላማይድ ቆይቶ ደግሞ ስለሚያወርድ ምግብ አብልተሽ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አትጨምሪ፤ ይዘሽ ሩጪ።

ማታ ማታ ደግሞ እግራቸውን አጥበሽ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር እይላቸው። የውሃውን ሙቀት እሳቸው በእግራቸው አይለኩት፤ አንቺ በክርንሽ ለኪው። የተላጠ፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካየሽ እስከ ሰኞ አትጠብቂ።