ለባሕር ዓሣ ሣጥን የመጀመሪያው ውሃ የቱ ይሁን?

በቤቱ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የባሕር ዓሣ ለማኖር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ዓሣው መልክ፥ ስለ መብራቱና ስለ ሣጥኑ ስፋት ነው። ውሃውን ግን «ውሃ ያው ውሃ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ሦስት ጓደኛሞች በተከራየነው ቤት አንድ ሣጥን አቁመን፥ ከቧንቧ ቀድተን፥ ከውጭ አገር የመጣ ውድ የባሕር ጨው በጥብጠን ሞላነው። በሦስተኛው ሳምንት አሸዋውም መስታወቱም ቡናማ ሽፋን ለበሰ፤ ብንጠርገው ተመለሰ። ምክንያቱን ስንፈልግ፥ የቧንቧውን ውሃ አንድ ጊዜ እንኳ ሳንለካ መጀመራችን ታወቀን። ደግነቱ ገና ዓሣ አልገባበትም ነበር። ውሃውን ስንደፋው ግን የወር ቍጠባችን የተገዛበት ጨው አብሮ ሄደ። ይህን ትምህርት የምንጽፈው ሌላው ተማሪ ያንኑ ዋጋ ሁለተኛ እንዳይከፍል፥ ይልቁንም ዋጋውን ዓሣው በነፍሱ እንዳይከፍል ነው።

የባሕር ውሃ ምንድን ነው?

አንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል። ቀይ ባሕር ትነቱ ብዙ፥ የሚገባበት ወንዝ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ከዚህ ይበልጣል፤ በሰሜኑ በኩል 40 ግራም ይደርሳል። ነገር ግን እዚህ ላይ ጨው ስንል የወጥ ጨው ማለታችን አይደለም። ከ35ቱ ግራም 19 ያህሉ ክሎራይድ፥ 11 ያህሉ ሶድየም፥ 2.7 ያህሉ ሰልፌት፥ 1.3 ያህሉ ማግኒዝየም ነው፤ ካልስየምና ፖታስየም እያንዳንዳቸው 0.4 ግራም ያህል ይሆናሉ። የቀረው ጥቂቱ ብዙ ዐይነት ነው።

ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ውቅያኖሶችን ዞራ ካመጣችው ውሃ፥ ዊልያም ዲትማር የተባለው ኬሚስት 77 ናሙና መርምሮ ውጤቱን በ1884 አሳተመ። የባሕሩ ጨው ቢበዛም ቢያንስም፥ ዋና ዋናዎቹ ነገሮች እርስ በርሳቸው ያላቸው ድርሻ ከሞላ ጐደል አንድ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። እንግዲህ የባሕር እንስሳ የለመደው ጨዋማነትን ብቻ ሳይሆን ይህን ድርሻ ጭምር ነው። ስለዚህ ከአፍዴራ የሚመጣው የወጥ ጨው ለዚህ ሥራ አይረዳም፤ ከሞላ ጐደል ሶድየምና ክሎራይድ ብቻ ነውና። የሻላና የአብያታ ሐይቆች ውሃም ቢጎመዝዝ ባሕር አይደለም፤ የሚበዛበት የሶዳ ዐይነት ነው። ለምላስ ጨው የሆነ ሁሉ ለዓሣ ጨው አይሆንም።

ከባሕር የራቀ ሰው ይህን ችግር የተጋፈጠው ዛሬ አይደለም። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1854 ለንደን ተቀምጦ ከአራት ጨዎች፥ ይኸውም ከወጥ ጨው፥ ከማግኒዝየም ሰልፌት፥ ከማግኒዝየም ክሎራይድና ከፖታስየም ክሎራይድ የባሕር ውሃ ሠርቶ እንስሳት አኖረበት። ዛሬ ፋብሪካ የሚያዘጋጀው የባሕር ጨው ከዚያ እጅግ የተሟላ ነው። ጨዉ ከተገኘ የሚቀረው ጥያቄ በምን ውሃ ይበጥበጥ የሚለው ነው።

ምንጮቹን እንመዝን

ሀ. ከባሕር የተቀዳ ውሃ። ለጅቡቲ ወይም ለምጽዋ ነዋሪ ይህ መልካም ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ከወደቡ ዘይትና ከከተማው ፍሳሽ ርቆ ከጠራ ስፍራ ይቅዳ እንጂ። ለእኛ ግን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መቶ ሊትሩም ከ102 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በተዘጋ ጀሪካን ሲጓዝ ደግሞ በውስጡ ያሉት በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ይሞታሉ፤ ሲበሰብሱም ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ጤናማ ሆኖ የተነሣው ውሃ ታሞ ይደርሳል።

ለ. የቧንቧ ውሃ። ለመጠጥ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ንጹሕ ይመስለናል። ነገር ግን ለሰው ንጹሕ የሆነው ለባሕር እንስሳ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ክሎሪኑ ቀላሉ ችግር ነው፤ ውሃው አንድ ቀን አየር እየተነፋበት ቢያድር ይወጣል፥ በሶድየም ታዮሰልፌትም ይከሽፋል። በአንዳንድ አገር ከተሞች የሚጨመረው ክሎራሚን ግን በማሳደር አይወጣም። ከዚህ የሚከፋው መዳብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ በሊትር እስከ 2 ሚሊ ግራም መዳብ ይፈቅዳል። የዓሣ ቈዳ ተባይ ለመግደል የሚሰጠው የመዳብ መድኃኒት ግን በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፥ በዚያው መጠን የባሕር ቀንድ አውጣን፥ ሸርጣንንና ኮራልን ይፈጃል። ናይትሬት፥ ፎስፌትና ሲሊኬት ደግሞ እንስሳውን ወዲያው አይገድሉም፤ አልጌን ግን ይቀልባሉ። የእኛ ሣጥን የለበሰው ቡናማ ሽፋን ሲሊኬት የሚወድ ዲያቶም የተባለ አልጌ ነበር።

ማፍላትስ? ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ መዳብንና ሲሊኬትን ግን አያስወጣም። እንዲያውም እንፋሎቱ ሲወጣ የቀረው ውሃ ይበልጥ ይከብዳል። ከዚህም በላይ አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች፥ እንዲሁም ከአቃቂ ጕድጓዶች ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ሰፈር ውሃ ለሌላው ሰፈር መመስከር አይችልም።

ሐ. የዝናብ ውሃ። ከሰማይ ሲወርድ ለስላሳ ነው፤ ወደ በርሜላችን የሚደርሰው ግን በቆርቆሮ ጣራ ተንሸራቶ ነው። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክም እንደ መዳብ ለባሕር ቀንድ አውጣና ለመሰሎቹ መርዝ ነው። የጣራው አቧራና የወፍ ኵስ ይጨመርበታል።

መ. የታሸገ ውሃ። ሃይላንድ የምንለው ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም፤ በጠርሙሱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ማዕድን አንብቡ። አምቦ ውሃማ የተወደደው በማዕድኑ ስለ ሆነ ጨርሶ አይታሰብም።

ሠ. የተጣራ ውሃ። ይህ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ አረቄ በሚወጣበት አኳኋን ውሃው ተንኖ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይጠራቀማል። የሚወጣበት ቱቦ መዳብ ከሆነ ግን የሸሸነው መርዝ በጓሮ ይገባል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውንም ውሃ አሲድ እንዳልተቀላቀለበት ሳታረጋግጡና ሳትለኩ አትመኑት። ሁለተኛው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው፤ ውሃው በግፊት በስስ ገለፈት ውስጥ ሲያልፍ ከሟሟው ነገር አብዛኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ከገለፈቱ ያመለጠውን ጥቂት፥ ሬዚን የተባለው ፍሬ ፍሬ ነገር ይይዘዋል። የእኛ ምርጫ ይህ ነው።

ስለ ምን ከባዶ እንጀምራለን?

ምክንያቱ ትነት ነው። ከሣጥኑ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ ይቀራል። መቶ ሊትር ከሚይዝ ሣጥን በቀን አንድ ሊትር ይተናል እንበል፤ የጐደለውንም በየቀኑ በዚያው በቧንቧ ውሃ እንሞላለን። በመቶ ቀን ውስጥ መቶ ሊትር ጨመርን ማለት ነው። ስለዚህ ከቧንቧው የመጣው ነገር ካልተወገደ ከመጀመሪያው ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ በዓመቱ ደግሞ ከአራት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን ያልጐዳ መጠን በዓመቱ ሊገድል የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። የጐደለውን በጨው ውሃ የሚሞላም ሰው ጨዉን በየቀኑ እያከበደ ይሄዳል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ስለ ሆነ የሚተካውም ንጹሕ ውሃ ይሁን።

ሌሎች ስሕተቶች በኋላ ሊታረሙ ይችላሉ፤ መብራት ይለወጣል፥ ድንጋይ ይነሣል። የመጀመሪያው ውሃ ግን አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፤ መዳብም በድንጋዩ ላይ ተይዞ ቈይቶ ሊለቅ ይችላል። በውሃው ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ በፈቃዳችን የምንመርጠው በዚህ አንድ ቀን ነው።

እንዴት እንሙላ?

አስቀድማችሁ የተጣራውን ውሃ በውሃ የሟሟን ነገር በሚለካው ትንሽ መሣሪያ ለኩ፤ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ቍጥር ማሳየት አለበት። መሣሪያው ግን ስንት እንደ ሆነ እንጂ ምን እንደ ሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ ከዜሮ ከፍ ማለት ሲጀምር ሬዚኑን ለውጡ። መያዣው ሳሙና፥ ዘይት ወይም ናፍጣ ያልነካው የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን።

ለመቶ ሊትር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። ውሃው ይቅደም፥ ጨዉ ይከተል። ጨዉ ላይ ጥቂት ውሃ ቢፈስበት ካልስየሙ ከካርቦኔት ጋራ ተጣምሮ እንደ ኖራ ይዘቅጣል፤ ያም ጨው ከሰረ። ከዚያ ውሃው እስከ 25 ዲግሪ ሞቆ፥ እየተናወጠና አየር እየተነፋበት አንድ ቀን ይደር። በማግስቱ ሃይድሮሜትሩ ከ1.025 እስከ 1.026 ቢያሳይ ደርሷል። አየሩን አታሳንሱ፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ሦስት አራተኛ ያህል ነው፥ በውሃው የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

ሣጥኑ ከሞላ በኋላም ዓሣ ለማስገባት አትቸኵሉ። ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ አራት፥ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ትንንሾቹ ማጣሪያዎች አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማውጣት ሦስት፥ አራት ሊትር ይጥላሉ። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር እየኖርን ይህን ወደ ቦይ መልቀቅ ነውር ነው። የሚጣለው ውሃ ከቧንቧው ጥቂት የከበደ እንጂ ቈሻሻ አይደለም፤ በጀሪካን ተጠራቅሞ ልብስና ወለል ያጥባል። የሣጥኑ የጨው ውሃ ግን አትክልት ላይ አይደፋ፤ ያደርቀዋል።

ይህን ሁሉ የሚያሟላ ገንዘብ ዛሬ ከሌለ ሣጥኑ ባዶውን ጥቂት ወር ይቈይ። ባዶ ሣጥን የሚጐዳው ማንም የለም። በማይታወቅ ውሃ የተሞላ ሣጥን ግን መውጫ የሌለው እንስሳ ይገባበታል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. ስልሳ ሊትር የሚይዝ ሣጥን በቀን ግማሽ ሊትር ቢተንበትና በቧንቧ ውሃ ቢተካ፥ ከቧንቧው የመጣው ነገር በስንት ቀን እጥፍ ይሆናል?

2. የቀይ ባሕርን ሰሜናዊ ውሃ ለመሥራት ለመቶ ሊትር ስንት ኪሎ ጨው ያስፈልጋል?

3. በየሰፈራችሁ የቧንቧውን ውሃ በክረምትና በበጋ ለክታችሁ ብታነጻጽሩ ምን ታገኛላችሁ?