የመንግሥት ወጪ ሲቀነስ የሚቀነሰው ምንድን ነው? ሮቤንና ጎባን ምሳሌ ያደረገ አጭር ጥናት

«መንግሥት ሠራተኛ በዝቶበታል፤ ይቀንስ» የሚሉ አሉ። «ይቅጠር እንጂ እንዴት ይቀንሳል?» የሚሉም አሉ። በየመኝታ ክፍሉና በየመመገቢያ አዳራሹ የሚሰማው ክርክር ብዙውን ጊዜ ከነዚህ ሁለት ቃላት አያልፍም። የብዙዎቻችን ተስፋ ከምረቃ በኋላ የሚገኘው የመንግሥት ሥራ ስለ ሆነ፥ ነገሩን በስሜት ብንነጋገርበት አያስደንቅም። ዳሩ ግን ስሜት የጥናትን ቦታ ሊወስድ አይገባም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቅነሳ በምን በምን መንገድ እንደሚፈጸምና እያንዳንዱ መንገድ ማንን እንደሚነካ መመርመር ነው።

ሀ. «ቅነሳ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

መንገዶቹ በጠቅላላው አራት ናቸው። አንደኛው ሠራተኛን ማሰናበት ወይም የሥራ መደቡን መዝጋት ነው። ይህ በአደባባይ የሚታይና ጩኸት የሚያስነሣ ነው። ሁለተኛው ቅጥርን ማገድ ነው። በጡረታ የወጣው ሰው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ከውስጥ ማንም አይባረርም፤ የሚጎዳው ከበር ውጭ የቆመው አዲስ ምሩቅ ነው። ሦስተኛው ደመወዙን ባለበት አስቀምጦ ገበያው ጥሎት እንዲሄድ መተው ነው። ለዚህ ደብዳቤ አይጻፍም፥ ማኅተምም አያርፍበትም፤ ነገር ግን ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ የሚገዛው እህል እያነሰ ይሄዳል። አራተኛው ደመወዝ እየከፈሉ የሥራ ማስኬጃውን መንሣት ነው። መምህሩ አለ፥ ጠመኔ የለም፤ ነርሷ አለች፥ መድኃኒት የለም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አለ፥ ለሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን የለም።

እኛ ዘወትር የምንከራከረው ስለ አንደኛው ነው። የኋለኞቹ ሦስቱ ድምፅ ስለሌላቸው ከክርክራችን ውጭ ይቀራሉ።

ለ. ካለፈው ዘመን ምን እንማራለን?

በ1966 ዓ.ም. «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት ትምህርትን በአነስተኛ ወጪ ለብዙ ሕፃናት ለማዳረስ የታሰበ ነበረ። መምህራኑ ግን ደመወዛቸውና ዕድገታቸው እንደሚጎዳ፥ ብዙ ወላጆችም የልጆቻቸው የከፍተኛ ትምህርት በር እንደሚጠብ ሰጉ። የካቲት 11 ቀን መምህራኑ ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት በቤንዚን ዋጋ መጨመር የተቆጡት የአዲስ አበባ ባለታክሲዎችም ቆሙ። ጥናቱ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የታሰበው ነገር መልካም ጎን ቢኖረውም፥ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ሳይመክሩበት የመጣ ቁጠባ ከመጀመሪያው እርምጃ ተሰናከለ።

በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሁሉ በመንግሥት ይመደብ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ይህ ዋስትና ቀረ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ተለወጠ፤ በመዋቅር ማስተካከያው ፕሮግራም መሠረትም የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ይዞታ መዛወር ጀመሩ።

በቅርቡም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅትም በአራት ዓመት የሚከፈል 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በወር 1,100 ብር ነበረ። በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር፥ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ሆነ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። አንድ ደመወዝ ባንድ ጊዜ ከአራት እጥፍ በላይ ሲጨመርበት ደስታው የተገባ ነው፤ ነገር ግን ያ ጭማሪ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሦስተኛው የቅነሳ መንገድ ምን ያህል እንደ ሠራ ይመሰክራል።

ሐ. ነገሩ በባሌ ደጋ እንዴት ይታያል?

ሮቤና ጎባ በመካከላቸው ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ግን የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ሆነች። ቢሮ ከከተማ ሲነሣ ደመወዝተኛው ብቻ አይነሣም፤ ቤት አከራዩ፥ ሻይ ቤቱ፥ ልብስ ሰፊው፥ ቅቤና ማር ይዛ የምትመጣው ባላገርም አብረው ይነካሉ። ስለዚህ የአንድ የሥራ መደብ ዋጋ በደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ አይነበብም።

ቅነሳም በሁለቱ ከተሞች ላይ እኩል አይወርድም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና በእርሱ ሥር ያለው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚተዳደሩት ከፌዴራል በጀት ነው። የወረዳው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን የሚጠብቁት በኦሮሚያ ክልል በኩል የሚመጣውን ድጎማ ነው። ከዚህም ድጎማ አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል፥ ገንዘቡ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀረው የሥራ ማስኬጃው ነው። እዚህ ላይ አራተኛው መንገድ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የስንዴው ነገር ነው። ባሌ በበልግና በመኸር የሚታረስ የስንዴ አገር ነው። በ2002/03 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ተነሥቶ በብዙ ገበሬ እጅ የነበረውን «ኩብሳ» የተባለውን ዝርያ መታው። ገበሬውም ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው «ዲገሉ» ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አጠፋው። እንግዲህ አንድ ዝርያ ለዘለዓለም አያገለግልም ማለት ነው። በሮቤ አቅራቢያ ባለው በሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ያለ ማቋረጥ አዲስ ዘር የሚሞክር፥ በየማሳውም እየዞረ በሽታውን ቀድሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ዋግ ባልታየበት ዓመት የዚህ ሰው ቦታ ቢታጠፍ ማንም አይሰማውም፤ በመዝገብም ላይ ቁጠባ ተብሎ ይጻፋል። ኪሳራው ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በገበሬው አውድማ ላይ ይታያል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ የለም።

መ. የሁለቱ ወገኖች ሐሳብ ሲመዘን

ይቀነስ የሚሉት እውነት አላቸው። መንግሥት ከሚሰበስበው በላይ እያወጣ ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በመበደር ሲሞላ ዋጋ ይንራል፤ የዋጋ ንረትም ከድኻ የሚሰበሰብ ግብር ነው። ፋይል ከማንቀሳቀስ በቀር የረባ ሥራ የሌለው ጠረጴዛም አለ። ከፋዩንም መርሳት አይገባም። የባሌ ገበሬ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባመፀ ጊዜ ከምክንያቶቹ መካከል የመሬት ግብርና የሹማምንት በደል ነበሩበት። ሰው የከፈለው ወዴት እንደ ገባ ይጠይቃል።

አይቀነስ የሚሉትም እውነት አላቸው፤ ጤና ጣቢያን፥ ትምህርት ቤትንና ምርምርን ነጋዴ አይከፍትልንም፤ በተለይ በሩቅ ቀበሌ።

በእኛ አስተያየት ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ሰው ይቀነስ?» የሚለው አይደለም። ስለ እያንዳንዱ መደብ «ይህ ቦታ ሁለት ዓመት ባዶ ቢቆይ ማን ይጎዳል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። መልሱ «ማንም» የሆነበት መደብ ይታጠፍ። መልሱ «በሽተኛው፥ ተማሪው፥ ገበሬው» የሆነበት ግን ሰው ከነመሣሪያው ይኑርበት፤ ደመወዙም ከገበያ ጋር በየጊዜው ይታይ። ሠራተኛ አስቀምጦ መሣሪያ መንፈግ ከሁሉ የከፋ ብክነት ነው፤ ገንዘቡ ይወጣል፥ ሥራው ግን አይሠራም።

እኛም ተማሪዎች ራሳችንን እንመርምር። የምንከላከለው የነገ ወንበራችንን ብቻ ከሆነ ግብር ከፋዩ ገበሬ አያምነንም፤ ሊያምነንም አይገባውም። መንግሥት ለምሩቃን ሥራ ለመፈለግ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አይደለም። በገጠር ጤና ጣቢያ ስለሚጎድለው መድኃኒት ስለ ራሳችን ቅጥር በምንጮኸው መጠን ስንጮኽ ግን ቃላችን ክብደት ያገኛል።

ለክርክር ክበባችን የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. የቅጥር እገዳና ሠራተኛን ማሰናበት በፍትሕ ሚዛን ሲመዘኑ የትኛው ይሻላል?

2. የወረዳ ምክር ቤት ከድጎማው ውስጥ ለሥራ ማስኬጃ የማይነካ ድርሻ እንዲያስቀምጥ በሕግ ቢገደድ ምን ይጠቅማል፥ ምንስ ይጎዳል?

3. የደመወዝ ጭማሪ በየስንት ጊዜው፥ በምንስ መለኪያ ሊወሰን ይገባል?