ስለ ጓሮ አትክልትና በጋውን ስለሚያሻግረው ባምያ

የሥነ ሕይወት መምህራችን ስለ ተክል አስተዳደግ ባስተማሩን ጊዜ ምሳሌ ፍለጋ ርቄ አልሄድሁም፤ ምሳሌው በቤታችን ጓሮ ነበረና። በዚያች ትንሽ መሬት ሁለት ዓመት ያህል ስደክም ያገኘሁትንና ያበላሸሁትን በዚህ ገጽ ላይ ለመጻፍ አስቤአለሁ።

አስቀድሞ የአገሩን ጠባይ መናገር ያስፈልጋል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ ሞቃትና ባለ ቀይ አፈር ከተማ ናት። ዝናቡ በግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ ጠብታ እንኳ የሚታየው ከስንት አንድ ቀን ነው። በክረምት ጎመኑም፣ ዱባውም፣ ቃሪያውም ለምለም ስለሆነ ያን ጊዜ አትክልተኛ ያልሆነ ሰው የለም። በየካቲትና በመጋቢት ግን ያው ጓሮ እንደ አውድማ ይደርቃል። ዐቢይ ጾምም የሚውለው በዚሁ ወራት ነው። ለጿሚ ቤተ ሰብ አትክልት እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ጓሮው ባዶ ሆኖ ሁሉ ነገር ከገበያ ይገዛል። በቤታችን ይህ ነገር በየዓመቱ ሲያስጨንቅ እያየሁ ስላደግሁ፣ ጓሮአችን በጋውን ጭምር እንዲያበላን ለማድረግ ቆርጬ ተነሣሁ።

ሥራዬን የጀመርሁት በስሕተት ነው። አያቴ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ መጥተው በአሶሳ አካባቢ ከሰፈሩት ሰዎች አንዷ ናቸው። ስለ ትውልድ አገራቸው ሲያወሩ ጦስኝ ሳያነሡ አይውሉም። እርሳቸውን ለማስደሰት ብዬ አንድ ዘመዳችን ከወሎ ደጋ ያመጣልንን የጦስኝ ችግኝ በበራችን አጠገብ ተከልሁ። በሰኔ ደኅና ነበረ፤ በሐምሌ ቢጫ ሆነ፤ በነሐሴ ሥሩ በስብሶ በእጄ ተነቅሎ መጣ። ፍግ ያነሰው መስሎኝ ፍግ ጨምሬበት ነበርና ጥፋቱን ያፋጠንሁት እኔው ነኝ። ጦስኝ ከ2200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ፣ ቀዝቃዛና ውሃ በማይቋጥር ድንጋያማ መሬት የሚበቅል ተክል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። አያቴ የደረቀውን ሥር አገላብጠው አዩና «ተወው ልጄ፤ እርሱም እንደኔ አገሩን ፈልጎ ነው» አሉ። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ለብዙ ቀን ወደ ጓሮ አልወጣሁም። ሆኖም በዚያው መደብ ዳር የነበሩት በሶብላና ጠጅ ሣር ሙቀቱ ተስማምቷቸው አድገው ነበር።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት የበርታ እናት ነገሩን በአጥር ላይ ሲመለከቱ ኖረው «እዚህ አገር የሚበቅለውን ለምን አትተክልም?» ብለው እፍኝ የባምያ ዘር ሰጡኝ። ባምያን በርታዎች ከማሽላ ገንፎ ጋር በወጥ መልክ ይመገቡታል። በእኛ ቤት ግን ዝልግልግ ነው እየተባለ ይናቅ ነበር፤ እኔም ከናቂዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ባምያ ከጥጥና ከከርከዴ ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ተክል ነው፤ ቢጫ አበባው ሲፈነዳ ያየ ሰው ዝምድናውን ለማመን አይቸገርም። ዘሩ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ቢያድር ቶሎ ይበቅላል። እኔ በሰኔ መጀመሪያ ዘርቼ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ተውሁ። ሁለት ወር በሆነው ጊዜ ፍሬ ያዘ። ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር መልቀም ነው። ፍሬው አበባው ከረገፈ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ፣ ገና ለስላሳ ሳለ ካልተለቀመ ጭራማ ይሆናል፤ ተክሉም ዘር ያፈራሁ ይበቃኛል ያለ ይመስል አዲስ አበባ ማውጣቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ የሚለቅም ሰው ከሰነፉ ጎረቤቱ ብዙ እጥፍ ያገኛል። ዝልግልግነቱን የማይወድ ሰው ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨምርበት ኮምጣጣው ነገር ይቀንሰዋል።

ለበጋው የሚጠቅመው ግን ደረቁ ባምያ ነው። በስስ ተከትፎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ የሚገኘው ዱቄት ጥቂቱ ብዙ ወጥ ያወፍራል። በጎረቤታችን በሱዳንም የታወቀ ሲሆን ዌካ ይሉታል። እኔ ቸኩዬ የነሐሴን ፍሬ በሰፌድ አሰጣሁ፤ ፀሐይ ሳይወጣ ሦስት ቀን ዋለና ሻገተ፤ አንድ ሰፌድ ሙሉ ለዶሮ እንኳ ሳይሆን ተደፋ። ጎረቤታችን ስቀው «ዝናቡ ይውጣ» አሉኝ። በጥቅምት መጨረሻ ያሰጣሁት ግን በሦስት ቀን ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሆነ። እንዲህ ካልተሰበረ እርጥበት አለበትና ወደ ዕቃ አይግባ።

ከርከዴም እንዲሁ በክረምት ተዘርቶ በኅዳር ይደርሳል። ብዙ ተማሪ የምንጠጣው አበባው ይመስለዋል፤ አበባውስ ውሎ ይረግፋል። የምናፈላው ከአበባው ሥር ቀርቶ የሚፋፋውን ቀይ ሽፋን ነው። ቅጠሉም ተቀቅሎ ይበላል፤ ጣዕሙ ኮምጣጣ ነው።

ስለ ጤና አዳምና ስለ ቀርከሃ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ማድረግ ደኅና ልማድ ቢሆንም፣ ተጨቅጭቆ እንደ መድኃኒት በብዛት ቢጠጣ ማሕፀንን ስለሚያነቃ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። በክረምት ከመሬት ብቅ የሚለው የቀርከሃ ቡቃያም መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ መርዝ የሚሆን ነገር ስላለበት በሚገባ ይቀቀላል፤ የተቀቀለበትም ውሃ ይደፋል። ከአያት የወረስነው ሁሉ አይጎዳም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም።

በበጋ ሕያው ሆኖ የቆየልን ከወጥ ቤት በር አጠገብ ያለው መደብ ብቻ ነው። አትክልትና እህል የታጠበበትን፣ ሳሙና ያልነካውን ውሃ በየማታው አፈስስበታለሁ፤ በሶብላው፣ ናናውና ጥቂት ቃሪያ በዚሁ ይኖራሉ። እርጥበቱን እንዲይዝ በመጽሐፍ እንደ ተማርሁት ደረቅ ሣር አለበስሁት፤ የአሶሳ ምስጥ ግን መጽሐፉን አላነበበምና በሁለት ሳምንት ሣሩን ጨረሰው። ተክሉን ብዙም አልነካውም፤ ምስጥ ከእርጥቡ ይልቅ ደረቁን ይወዳል። የቀርከሃ አጥራችን ግን ተበልቶ ወደቀ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በሦስተኛው ሳምንት ሽሮ ያለ ምንም ተጨማሪ ሲሰለቸን አያቴ በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጠርሙስ ራሳቸው አውርደው «ይህ ያንተ ልጥልጥ ስንት ማንኪያ ይበቃዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ለድስቱ ሁለት ማንኪያ ነገርኋቸው። ሲበሉ ምንም አላሉም፤ በማግስቱ ግን ጠርሙሱን እንደገና አወረዱ። ዱቄቱ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ አደረሰን፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ባዶአችንን ቆየን። ስለዚህ ዘንድሮ ሁለት መስመር ጨምሬአለሁ።

ለዘር ብዬ ተክሉ ላይ ያደረቅሁት ባምያ ከምፈልገው በላይ ሆኖአል። ከግንቦት በፊት ዘር የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር በዕረፍት ሰዓት ይጠይቀኝ፤ እፍኝ እሰጠዋለሁ።