ስለ ጆሮ ማዳመጫና ስለ ማጉያው አመራረጥ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ይኸውም በቤታችን ተቀምጠን ዜማና ንግግር ስለምንሰማበት ስለ ጆሮ ማዳመጫና እርሱን ስለሚያሠራው ማጉያ ነው። ነገሩ የጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም እስካለፈው ዐቢይ ጾም ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን ባለማወቄ ምክንያት የቤተ ሰቤን ገንዘብ ላባክን፣ ከዚያም አልፎ ጆሮዬን ልጎዳ ጥቂት ቀርቶኝ ስለ ነበረ፣ የተማርሁትን ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። አያቴ በቡሬ አካባቢ ገጠር የኖሩ በገና ደርዳሪ ነበሩ። ከማረፋቸው በፊት በአንድ የጾም ማታ ሲደረድሩ በስልክ ቀድቻቸው ነበር። ቅጂው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከእርሳቸው ድምፅ በቤታችን የቀረው ይህ ብቻ ነው። ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ከገባሁ በኋላ፣ ከገበያ በገዛኋት ርካሽ ማዳመጫ ስሰማው፣ እንደ ንብ እዝ የሚለው የበገናው ድምፅ ይሰማኛል እንጂ ወፍራሙ ድምፅ ጨርሶ አይሰማኝም ነበር።

በገና አሥር ጅማት እንዳለው ታውቃላችሁ። ጅማቶቹ በሚያርፉበት እንጨት ላይ ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ፣ ጅማቱ ሲነካ ቆዳውን እየመታ ያን የታወቀውን እዝታ ይሰጣል። እንግዲህ በገና ሁለት ነገር አለው ማለት ነው፤ ከታች ወፍራሙ ድምፅ፣ ከላይ ቀጭኑ እዝታ። ሁለቱንም በትክክል የሚያሰማ ማዳመጫ መልካም ማዳመጫ ነው። የእኔዋ ግን ከጆሮዬ ጋር በደንብ ስለማትገጥም ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ይጠፋ ነበር።

ይህን ስነግረው በውጭ አገር የሚኖረው አጎቴ አንድ ትልቅ ማዳመጫ ላከልኝ። በደስታ ከስልኬ ጋር አገናኘሁት፤ ድምፁ ግን ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ተበላሽቷል ብዬ አዘንሁ። ለአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ባሳየው፣ «ዕቃው ኃይል ይፈልጋል፤ ይህን ውሰድ» ብሎ በሰርግ ቤት የሚያገለግል ትልቅ ማጉያ አሳየኝ። አባቴም በርበሬ ሸጦ ከያዘው ገንዘብ ሊሰጠኝ ፈቅዶ ነበር። ደግነቱ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅሁ። እርሳቸውም የኤሌክትሪክ መለኪያ አምጥተው የማዳመጫውን ሽቦ ሲለኩት ወደ 300 ኦም የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። «ዕቃህ አልተበላሸም፤ ያላገኘው አቻውን ነው» አሉኝ። ከዚህ ቀጥሎ የማብራራው እርሳቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሳዩኝን ነው።

በመጀመሪያ ማዳመጫ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በውስጡ ቋሚ ማግኔት፣ ቀጭን የሽቦ ጥቅልና ስስ ሽፋን አለ። የኤሌክትሪኩ ኃይል በጥቅሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ጥቅሉ በማግኔቱ አጠገብ ይንቀሳቀሳል፤ ሽፋኑንም ይዞት ይሄዳል፤ ሽፋኑም አየሩን እየገፋ ድምፅ ይሆናል። ሥራው የቆየ ነው። አሜሪካዊው ናትናኤል ባልድዊን በራሱ የሠራውን ማዳመጫ ለአገሩ ባሕር ኃይል ያቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ነው። በ1937 የጀርመኑ ቤየር ዲቲ 48 የተባለውን አወጣ፤ በ1958 ደግሞ ጆን ኮስ ለሙዚቃ አፍቃሪዎች የስቴሪዮ ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ።

ሁለተኛው ነገር፣ በማንኛውም ጥሩ ማዳመጫ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው ለኤሌክትሪክ ጉዞ የሚያሳየው መቋቋም ሲሆን በኦም ይለካል። ለስልክ የተሠሩት ብዙዎቹ 16 ወይም 32 ኦም ናቸው፤ ለድምፅ መቅረጫ ክፍሎች የተሠሩት 250፣ 300፣ አንዳንዶቹም 600 ኦም ይደርሳሉ። ሁለተኛው ቁጥር ዕቃው በጥቂት ኃይል ምን ያህል ሊጮህ እንደሚችል የሚነግረን ነው፤ በአንድ ሚሊዋት፣ ማለት በዋት አንድ ሺኛ፣ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚሰጥ ያመለክታል። ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ10 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ጆሮአችን ግን ይህን የሚሰማው ሁለት እጥፍ እንደ ሆነ አድርጎ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ሁለት ማዳመጫዎች አሉ እንበል፤ ሁለቱም በአንድ ሚሊዋት 97 ዴሲቤል ይሰጣሉ፤ አንደኛው 32 ኦም፣ ሁለተኛው 300 ኦም ነው። ስልካችን ግማሽ ቮልት ይሰጣል እንበል። ቮልቱን በራሱ አባዝተን ለኦሙ ስናካፍል ዋቱ ይወጣል። 0.5 በ0.5 ሲባዛ 0.25 ነው። ይህን ለ32 ብናካፍል 7.8 ሚሊዋት ይሆናል፤ ድምፁም ወደ 106 ዴሲቤል ይደርሳል። ለ300 ብናካፍል ግን 0.83 ሚሊዋት ብቻ ነው፤ ድምፁም 96 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ ስልኩ ያው፣ ዜማው ያው ሆኖ ሳለ፣ የአንዱ ድምፅ የሌላውን ግማሽ ያህል ብቻ ይሰማል ማለት ነው። ይህም ስልኩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ በዜማው ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚገኘው ነው። የአያቴ ቅጂ ደግሞ ከሩቅ የተቀዳና ዝግ ያለ ስለ ሆነ፣ ከማዶ እንደሚመጣ ድምፅ የሆነበት ምክንያት ይህ ነበር።

አሁን ነጋዴው ያሳየኝን የሰርግ ማጉያ በዚሁ ሂሳብ እንፈትነው። ማጉያው ለ8 ኦም ድምፅ ማውጫ 100 ዋት የሚሰጥ ቢሆን፣ እስከ 28 ቮልት ያወጣል ማለት ነው። 28 በ28 ተባዝቶ ለ300 ሲካፈል ከ2.6 ዋት በላይ ይሆናል፤ ድምፁም ከ130 ዴሲቤል ያልፋል። ይህ ጆሮን በቅጽበት የሚጎዳ ነው፤ የማዳመጫውንም ቀጭን ሽቦ ሊያቃጥል ይችላል። ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሰማዋለሁ ብል እንኳ፣ ለትልቅ ድምፅ ማውጫ የተሠራው ማጉያ የራሱ ሹክሹክታ ስላለው ዝግ ያለውን በገና ይሸፍነዋል። ስለዚህ «ኃይል ይፈልጋል» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም፣ ስንት ኃይል ተብሎ ካልተጠየቀ አሳሳች ነው።

ታዲያ ማጉያ ስንመርጥ ምን እንጠይቅ? አንደኛ፣ የቮልቱን መጠን ነው። ለ300 ኦም ማዳመጫ 2 ቮልት የሚሰጥ ማጉያ 13 ሚሊዋት ያደርሳል፤ ይህም 108 ዴሲቤል ስለሚሆን ለቤት በቂ ነው። ሁለተኛ፣ የማጉያው የራሱ የውስጥ መቋቋም ከማዳመጫው ኦም አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው። 32 ኦም ላለው ማዳመጫ ከ4 ኦም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ ሚዛናቸውን ያጣሉ፤ ምክንያቱም የማዳመጫው መቋቋም በየድምፁ ልክ ከፍና ዝቅ ስለሚል ነው። ሦስተኛ፣ ምንም ዜማ ሳይከፈት ማዳመጫውን በጆሮ አድርጎ ዝምታውን መስማት ነው። ሹክሹክታ ወይም ጉምጉምታ ከተሰማ ማጉያው ለዚያ ማዳመጫ የሚሆን አይደለም።

ማዳመጫውንም ስንመርጥ ቦታችንን እናስብ። ጀርባው ክፍት የሆነው ማዳመጫ አየሩ በነፃነት ስለሚወጣ ድምፁ ሰፋ ያለ ነው፤ ነገር ግን የውጭውን ጫጫታ ያስገባል፤ የውስጡንም ለጎረቤት ያሰማል። ለገጠር ማታ የሚስማማ ይህ ነው። በፍኖተ ሰላም በዋናው መንገድ ዳር ለተከራየ ተማሪ ግን፣ የባጃጅና የጭነት መኪና ድምፅ ስለማያርፍ ጀርባው የተዘጋው ይሻለዋል። ክፍቱን የያዘ ሰው ጫጫታውን ለማሸነፍ ሲል ድምፁን ከፍ ያደርግና ጆሮውን ይጎዳል። የጆሮው ትራስም ዙሪያውን ገጥሞ መቀመጡን እናረጋግጥ። በብሉቱዝ የሚሠራው ማዳመጫ ደግሞ ማጉያውን በውስጡ ስለያዘ ሌላ ማጉያ አያስፈልገውም፤ አቻውን የመረጠለት ፋብሪካው ነው። በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ታላቅ ስም አይተን ብቻ እንዳንገዛም እለምናለሁ፤ ስም በወረቀት ላይ በቀላሉ ይታተማል። የምናውቀውን ዜማ ይዘን ሄደን በጆሮአችን እንፈትን። ለእኛ ከበገና፣ ከማሲንቆና ከከበሮ የተሻለ መፈተኛ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን የጆሮ ጥበቃ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮአችን ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ 15,000 ያህል ጥቃቅን ፀጉራማ ሕዋሳት አሉ፤ አንድ ጊዜ ከሞቱ እንደ ገና አይበቅሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ለዐዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቀዳል፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ 4 ሰዓት ብቻ፤ 100 ዴሲቤል ከሆነ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ለሕፃናት ደግሞ መጠኑ 75 ዴሲቤል ነው። ከላይ 108 ያልሁት ማጉያው ሊደርስበት የሚችለውን ዳርቻ ነው እንጂ ልንኖርበት የሚገባውን አይደለም። በቅሎ ብርቱ ብትሆን ሁልጊዜ አትጋለብም። ካዳመጥን በኋላ ጆሮአችን ጭው ካለ፣ በዛ ማለቱ ነውና እንስማው።

በመጨረሻ የእኔን ነገር ልፈጽም። የሰርጉን ማጉያ ትቼ፣ ከጣት የማትበልጥና በስልኩ ባትሪ የምትሠራ፣ 2 ቮልት የምታወጣ ትንሽ ማጉያ ከባሕር ዳር አስመጣሁ። መብራት ቢጠፋም አታስቸግርም። የጠየቀችው ገንዘብ አባቴ ሊሰጠኝ ካሰበው እጅግ ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ለዘርና ለማዳበሪያ ዋለ።

ለፋሲካ ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ ማዳመጫውን ለሴት አያቴ በጆሮአቸው አደረግሁላቸው። ድምፁንም ከዝቅተኛው ጀምሬ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አደረግሁት። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያም አውልቀው፣ «ልጄ፣ አሁንስ ጣቱ ጅማቱን ሲነካው ሰማሁ» አሉኝ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የምለው ይህን ብቻ ነው። ማዳመጫና ማጉያ እንደ ቀንበር ጥንድ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢያይል እርሻው አያምርም። ከመግዛታችሁ በፊት ኦሙን ጠይቁ፤ ቮልቱን ጠይቁ፤ ሂሳቡን በደብተራችሁ ሥሩ። በክፍል ውስጥ «ይህ ምን ይጠቅመናል?» እያልን የምንማረው የኦም ሕግ፣ የአባትን ገንዘብና የራስን ጆሮ የሚያድንበት ቀን አለና።